«ወላጅ አምጣ!»፦ በትምህርት ቤት ለሚደርስ ጥቃት ተጠያቂው ማን ነበር፣ ማንስ ነው?

ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ነበር። የደወለችው ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ናት። አንድ ተማሪ ልጄን ለሳምንታት ያህል በምሳው ሲያንጓጥጠው፣ በኋላም ኮሪደር ላይ እየጠበቀ ሲገፈትረው መክረሙን፣ ይህንንም አንድ መምህር በዚያው ዕለት ጠዋት ደርሶበት ሪፖርት ማድረጉን ነገረችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ «መቼ ልምጣ?» የሚል ብቻ ነበር። ሴትየዋ ትንሽ ግራ የተጋባች መሰለኝ። «መምጣት ከፈለጉ ይችላሉ፤ የደወልነው ግን እንዲያውቁት ነው። ምርመራው የእኛ ሥራ ነው» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምገኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪ የያዝኩ መሐንዲስ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሲደውልልኝ ግን ዛሬም ልቤ የሚመታው እንደ ጥፋተኛ ነው። የተደበደበው የእኔ ልጅ ሆኖ ሳለ ተጠርቼ የምወቀስ መሰለኝ። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም አገር ቤት ተምረው ከሆነ ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ አይጠፋዎትም። «ወላጅ አምጣ!» ከምትል ትእዛዝ ነው የሚመጣው።

እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ። በ1981 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት የሚለይበት ነገርም አልነበረውም። በፈረቃ ነው የምንማረው፤ በአንድ ክፍል ከሰባ በላይ ሆነን፣ በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነን። አንድ ክፍል የደገመ ጉልቤ ነበር። ለቦንቦሊኖ የተሰጠችኝን ስሙኒ ዘወትር በር ላይ ይቀበለኛል። አንድ ቀን እምቢ ስለው ደም በደም አደረገኝ። ለጋሼ ተናገርኩ። ጋሼ ሁለታችንንም ጥቁር ሰሌዳው ሥር አንበርክከው፣ ሁለታችንንም እኩል በጎማ ገርፈው፣ ሁለታችንንም «ወላጅ አምጡ» አሉን። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ግማሽ ቀን አስፈቅዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ዩኒት ሊደሩ «ልጅዎን ይምከሩ፤ የልጆች ጠብ ነው» ብሎ ሸኛት። የግማሽ ቀን ደመወዟ ተቆረጠ። የልጁ ወላጅ አልመጣም፤ በማግሥቱ ስሙኒዬን ተቀበለኝ።

እንግዲህ በዚህች ትንሽ ታሪክ ውስጥ ማን ምን እንደያዘ ልብ ይበሉ። ዱላው በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። ጥበቃው ግን እኔ ላይና እናቴ ላይ ነው የተጣለው። ይህ ክፍፍል ከየት መጣ? የአንድ መምህር ክፋት ነው እንዳልል ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስክሪብቶ ለሌለው ከኪሳቸው የሚገዙ ሰው ነበሩ። ነገሩ የቆየ ነው።

የቆየ ስል ከቄስ ትምህርት ቤት ልጀምር። ልጅን ለየኔታ መስጠት አደራ መስጠት ነበር፤ አደራው ግን ስለ ፊደሉና ስለ ጨዋነቱ ነው። አርጩሜ የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር፤ ኮብላይ ተማሪ እግር ብረት ይገባ እንደነበረም የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪው ደግሞ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአገሩ ርቆ የሚሄድ ሕፃን ነው። ከውሻ የሚከላከለው በትሩ ነው፤ ከረሃብ የሚያስጥለው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚሰማው ባለቤት ነው፤ ከታላላቅ ተማሪዎች ጡጫ የሚያድነው ግን የራሱ ጡንቻ ወይም የአገሩ ልጅ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ሊቃውንት ወጥተዋል፤ ማንም አይክደውም። በመንገድ የቀሩት ልጆች ስንት እንደሆኑ ግን የቆጠረ የለም። በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቆመው የቀሩትን ድልድዮች ብቻ እያዩ «የድሮ ግንበኛ አይሳሳትም» ማለት አደገኛ መሆኑን ነው። የወደቁት ለምስክርነት አይቀርቡማ። (ላስ ቬጋስ ቡና ቤት ውስጥ «እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ለሚሉኝ ወዳጆቼም ሁልጊዜ የምሰጣቸው መልስ ይኸው ነው። እስካሁን ያሳመንኩት ሰው የለም።)

ዘመናዊው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲመጣ ፊደሉ፣ ቋንቋውና ወንበሩ ተለወጠ። አርጩሜው ግን በር ላይ አልቀረም፤ አብሮ ገባ። ደውልና ሰልፍ ተጨመረበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ነው፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ላይ ይናገራል። አንቀጽ 2039 ሰውን መምታት ጥፋት የማይሆንባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ አንድ ሰው ልጁን፣ በሞግዚትነት የያዘውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ ቢቀጣ ጥፋት የለበትም ይላል። ይህንን ሕግ ጋሼ አንብበውት አያውቁም፤ ግን በየቀኑ ይሠሩበት ነበር።

ሁለተኛው ቦታ አንቀጽ 2124ና 2125 ናቸው። የመጀመሪያው አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል። የሚቀጥለው ይህ ኃላፊነት ከአባት ትከሻ ወርዶ ወደ ሌላ ሰው የሚያልፍባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከነዚህም አንዱ ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር የሚገኝበት ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ተጠያቂው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይሆናል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እኔ እንደማነበው ግን ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ጉልቤው በትምህርት ሰዓት፣ በግቢው ውስጥ አፍንጫዬን ሲያደማው ሕጉ ይፈልግ የነበረው የእርሱን አባት አልነበረም፤ የእኔንም እናት አልነበረም። ዳይሬክተሩን ነበር። አባት «እኔ ምን አጠፋሁ» ብሎ እንደማያመልጥ ሁሉ፣ ዳይሬክተሩም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

አስቡት እንግዲህ! በአንድ መጽሐፍ፣ በጥቂት ገጾች ልዩነት፣ ትምህርት ቤቱ የመግረፍ መብትም የመጠበቅ ግዴታም ተሰጥቶታል። መብቱ በየክፍሉ፣ በየቀኑ፣ በጎማና በአለንጋ ሥራ ላይ ዋለ። ግዴታው ወረቀት ላይ ተኛ። በልጅነቴ ዘመን ስንት ልጅ ጥርሱ ወልቆ፣ ስንቱ እጁ ተሰብሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቻለሁ፤ አንቀጽ 2125ን ይዞ ዳይሬክተር ቢሮ የገባ ወላጅ ግን አላየሁም። እናቴ ብታውቀው ኖሮስ ታደርገው ነበር? አይመስለኝም። ግማሽ ቀን ለመቅረት የምትለምን ሴት ፍርድ ቤት ለመመላለስ ማን ይፈቅድላታል?

«ወላጅ አምጣ» የሚባለው ልማድ ያደረገው ይህንን ነው። ሕጉ ከወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ያሻገረውን ሸክም መልሶ ወደ ወላጅ አሻገረው። ያውም ያለ አዋጅ፣ ያለ መመሪያ፣ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት። ስም ማውጣቱም ረድቶታል። ለሳምንታት የሚደጋገም፣ አንዱ ሁልጊዜ መቺ ሌላው ሁልጊዜ ተመቺ የሚሆንበት ነገር «የልጆች ጠብ» ተባለ። ጠብ ደግሞ የሁለት ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይገረፋሉ። የሚናገረው ልጅ «አሳባቂ» ነው። ለጉልቤውማ ስም ነበረው፤ ጉልቤነቱን ለፈቀደለት ቤት ግን ስም አልነበረውም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ልጆች ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ አገሪቱ ነገሩን በስሙ ጠርታ በማግሥቱ ዓመት በመላው ትምህርት ቤቶቿ ዘመቻ ጀመረች። ዘመቻው ከተመራማሪው ዳን ኦልቬውስ ሥራ ጋር ስሙ ይነሳል። እኛ እስካሁን አንድ የተስማማንበት ቃል የለንም፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን «ቡሊ አደረገኝ» ነው የሚሉን።

ስም ማውጣት ተጠያቂነትን እንዴት እንደሚሰውር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ የምኖርባት ከተማ የተሠራችው በዚህ ዓይነት ታሪክ ላይ ነው። ቦልደር ሲቲ ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የሁቨር ግድብ ሠራተኞች እንዲኖሩባት የተቆረቆረች፣ ቁማር እስከ ዛሬ የተከለከለባት ጸጥተኛ ከተማ ናት። እንግዳ ሲመጣብኝ ግድቡን ሳላሳይ አልሸኝም። በግንባታው ምክንያት ሞቱ ተብለው በይፋ የተቆጠሩት 96 ሰዎች ናቸው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ያልገቡ ግን አሉ። የኮሎራዶን ወንዝ ለማስቀየስ አራት ዋሻዎች ሲቆፈሩ፣ ሲክስ ካምፓኒስ የተባለው ተቋራጭ በቤንዚን የሚሠሩ መኪኖችን ዋሻው ውስጥ አስገባ። የኔቫዳ ሕግ ከመሬት በታች ይህንን ይከለክል ነበር፤ ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ ሕጉ እንዳይፈጸምበት አሳገደ። ሠራተኞች በጭሱ ራሳቸውን እየሳቱ ወጡ። የታመሙትና የሞቱት ግን «የሳንባ ምች» ተብለው ተመዘገቡ። የሳንባ ምች የሥራ አደጋ አይደለም፤ ካሣ የለውም። ሠራተኞቹ ከሰሱ፤ ኩባንያው ለዓመታት ተከራከረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1936 ከ50 ከሳሾች ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማማ።

በዚሁ ግድብ ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። ከገደሉ ላይ የሚወርደው ድንጋይ ሲያስቸግራቸው ሠራተኞቹ የጨርቅ ባርኔጣቸውን በሬንጅ እየነከሩ አደረቁት፤ ድንጋይ ሲመታቸው ብዙዎቹ ራሳቸውን አተረፉ። ኩባንያው ጥቅሙን ሲያይ ጠንካራ ባርኔጣ በብዛት አዘዘ። ዛሬ በየትኛውም የግንባታ ቦታ ያለ ቆብ መግባት ክልክል ነው፤ ቆቡን የሚያቀርበውም አሠሪው ነው። ለእኔ ሁለቱ ታሪኮች የሚነጋገሩ ናቸው። «የሳንባ ምች» የእነርሱ «የልጆች ጠብ» ነው። በሬንጅ የተነከረችው ባርኔጣ ደግሞ የቆሎ ተማሪው በትርና የእኔ የልጅነት ጡጫ ናት፤ ራስን በራስ ማዳን። ልዩነቱ እዚህ አንድ ቀን ላይ ባርኔጣው የአሠሪው ግዴታ መሆኑ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ሰው ከመሰላል ቢወድቅ «ለምን አልተጠነቀቀም?» ከማለት በፊት «ድጋፉ የት ነበር?» ይባላል።

ነገር ግን አሜሪካን ላሞግስ አልተነሳሁም። እዚህም ትምህርት ቤት በቀላሉ ተጠያቂ አይሆንም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በዴቪስና በሞንሮ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ክርክር 5 ለ 4 ሲወስን፣ ተማሪ በተማሪ ላይ ለሚፈጽመው ጾታዊ ትንኮሳ ትምህርት ቤት በፌዴራል ሕግ የሚጠየቅበት በር ከፈተ። በሩ ግን ጠባብ ነው። ትምህርት ቤቱ በእርግጥ አውቆ፣ ካወቀም በኋላ ሆን ብሎ ቸል ካላለ አይጠየቅም። የዚህን በር ጥበት ጎረቤታችን ሄንደርሰን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በሙዚቃ ክፍል ጓደኞቻቸው ሲሠቃዩ፣ ወላጆቻቸው ለትምህርት ቤቱ ጻፉ፤ ሥቃዩ ግን ቀጠለ። እናቶቹ የክላርክ ካውንቲን የትምህርት ዲስትሪክት ከሰሱ። በ2017 ዳኛዋ ለእያንዳንዱ ልጅ 200,000 ዶላር ፈረደች። በታኅሣሥ 2020 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው። ዲስትሪክቱ ቸልተኛ ነበር ለማለት ሕጉ የሚጠይቀው መስፈርት አልተሟላም ነው ነገሩ። በዚህ ሚዛን ከሄድን የ1952ቱ የእኛ ሕግ፣ ቢሠራበት ኖሮ፣ ከዋሽንግተኑ ይልቅ ለተመታው ልጅ የቀረበ ነበር ማለት ነው። ይህንን ሳስብ ኩራትም ቁጭትም አንድ ላይ ይመጣብኛል።

ታዲያ እኔን ያስደወለኝ ምንድን ነው? የፍርድ ቤት ካሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ሳይቀሩ በሕግ አውጪው ፊት ቆመው ከተከራከሩ በኋላ፣ አገረ ገዥው ብራያን ሳንዶቫል የፈረሙት የኔቫዳ ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ ያለው ቀላል ነገር ነው፦ ያየ መምህር በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ይናገር፤ ርዕሰ መምህሩ ወላጆችን ያሳውቅ፤ ምርመራውን በ2 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይጨርስ። ሕጉ ጉልቤን አላጠፋም፤ ልጄም ምስክር ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር እያንዳንዱን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቶ ሰዓት ቆርጦለታል። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። መሐንዲስ ይህን ሲያነብ ደስ ይለዋል።

አገር ቤትስ? መግረፍን በተመለከተ በወረቀት ላይ ብዙ ተጉዘናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ የመግረፍ መብቱ ቢያንስ በሕግ ተነጠቀ። የመጠበቅ ግዴታው ግን ከእንቅልፉ ነቃ ወይ? እዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ግድ ይለኛል።

በዚያ ዓመት መግቢያ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ካለፉት ዓመታት ግጭት ገና ሳያገግሙ፣ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር መፍትሔ ያለውን ይዞ ቀረበ። ተማሪዎች ወደ ግቢ ከመግባታቸው በፊት ውል ይፈርሙ፤ ወላጆቻቸውም አብረው ይፈርሙ ተባለ። ዜናውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ወላጅ አምጣ» አድጎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አየሁት! ሰባት መቶና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በቀበሌው የሚኖር ገበሬ፣ ልጁ በማያውቀው ከተማ፣ በማያየው ዶርም ለሚያደርገው ነገር ይፈርማል። ለመሆኑ ያ ገበሬ «ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈርምለት ማን ነበር?

መልሱ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። በጥቅምት 2012 መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ስጋት ስላደረባቸው ወጥተው ወደ ቤተሰቦቻቸው በመጓዝ ላይ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። በጥር መጀመሪያ መንግሥት 13 ሴቶችና 8 ወንዶች፣ በድምሩ 21 ተማሪዎች ተለቀቁ ብሎ አሳወቀ፤ ወላጆች ግን ልጆቻችንን አላገኘናቸውም እያሉ ነበር። እኛም በውጭ ያለነው ፎቶ ይዘን አደባባይ ወጣን፤ ትክክልም ነበር። ሆኖም አንድ ጥያቄ በሰልፉ መካከል ተውጣ ቀረች። እነዚያ ልጆች መንገድ ላይ የተገኙት ለምንድን ነው? ግቢው መጠለያ ቢሆንላቸው ኖሮ ያንን መንገድ ይጀምሩት ነበር? አጋቾቹን መጠየቅ የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቹን ተቀብሎ የመዘገበው ተቋም፣ የመደባቸው ሚኒስቴር፣ «ከዚህ ግቢ በምን ትወጣላችሁ፣ ማን ያደርሳችኋል?» ማለት ነበረበት። የፈረመው ወላጅ ነበርና የተጠየቀው፣ ያለቀሰውም፣ የተመላለሰውም ወላጅ ሆነ። «የልጆች ጠብ» የምትለው ቃልም በዚያ ደረጃ ላይ ልብሷን ቀይራ «በተማሪዎች መካከል የተፈጠረ ግጭት» ተብላ በየመግለጫው ትነበብ ነበር።

አንዳንድ አንባቢ የአንድ ስሙኒ ታሪክና የዚህን ያህል ጥፋት በአንድ ገመድ ማሰር ይከብዳል ይል ይሆናል። ክብደቱ አይመጣጠንም፤ እስማማለሁ። የሚያገናኛቸው ተጠያቂው የሚፈለግበት አቅጣጫ ነው። በሁለቱም ጊዜ በሩን የያዘው ክፍል ጣቱን ከበሩ ውጭ ወዳለው ሰው ቀሰረ። በአራተኛ ክፍል የለመድነውን ነው በዩኒቨርሲቲ የፈረምነው።

ወደ ልጄ ጉዳይ ልመለስ። ከስልኩ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ምርመራው እንዳለቀ፣ የልጄ መማሪያ ሰዓት በኮሪደሩ ላይ ከዚያ ልጅ ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ እንደተስተካከለ፣ በምሳ ሰዓት የሚከታተል ሰው እንደተመደበ ይገልጻል። በሌላው ልጅ ላይ ምን እንደተወሰነ የግል ጉዳዩ ስለሆነ አልተነገረኝም፤ ይህ ትንሽ አብሽቆኛል፣ አልደብቅም። ከሥር የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለ። የእኔን ፊርማ የሚጠይቅ መስመር ፈልጌ አጣሁ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት።

በዚያው ሳምንት እሑድ አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ የልጅ ልጇ ነገር ሲነሳ ግን እንቅልፍ የላትም። ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

«ስንት ቀን ከሥራ ቀረህ?»

«አንድም ቀን፣ እማዬ» አልኳት።

አላመነችኝም።